ከዲምቱ የመጣው እርማት

ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ሳምንት ከቀድሞ መሥሪያ ቤቴ ተደወለልኝ። የደወለው በቦታዬ የተተካው ባለሙያ ነው። «ጋሽ ማርቆስ፣ የፎረሙን ምርጥ ተሞክሮ ቀምረው ይላኩልን፤ ወደ ሌሎች ዞኖች ይሰፋል ተብሏል» አለኝ። ቅጽም አብሮ ላከ። ቅጹ «የተገኘ ውጤት»፣ «ያጋጠመ ችግር»፣ «የተወሰደ መፍትሔ»፣ «ቀጣይ አቅጣጫ» የሚሉ አራት ሳጥኖች አሉት። ለችግሩ የተተወችው ቦታ ሁለት መስመር ናት። ሁለት መስመር! ዲሽ የሚወዱ ሰዎችን በኢንተርኔት አንድ ገጽ ላይ ሰብስቤ ለዓመታት ያየሁትን አበሳ በሁለት መስመር የሚጨርስልኝ ሰው ካለ እሰየው። ቅጹን አጣጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩትና የራሴን መጻፍ ጀመርኩ።

ሥራዬ ቴክኒሺያን ነበር። ሶዶ ውስጥ የትምህርት ቤት ሬዲዮ በሚጠገንበት ክፍል የተቀጠርኩት መንግሥት በተለወጠ ማግሥት ነው። ክፍሉ ማለት አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ሁለት ካውያና ከየወረዳው በጆንያ የሚመጡ ዲዳ ሬዲዮኖች ነበሩ። ደመወዙን አታንሱት፤ እኔም አላነሳውም። ያንን ክፍል ክፍል ያደረጉት አለቃዬ ጋሽ ማንደፍሮ ናቸው። አያታቸው ከሰሜን ከሹማምንት ጋር መጥተው ሶዶ የቀሩ ሰው ነበሩ። እሳቸው ግን ተወልደው ያደጉት እዚሁ ስለሆነ ገበያ ወጥተው ወላይትኛ ሲከራከሩ እኔ የገጠሩ ልጅ ቆሜ እሰማቸዋለሁ።

ጋሽ ማንደፍሮ ከሰው እጅ ጠመንጃ መፍቻ ነጥቀው አያውቁም። ተሳስተህ ስትፈታ እያዩ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይቆማሉ። ሬዲዮ ይዞ የመጣ መምህር «ተበላሸ» ካላቸው መልስ አይሰጡትም፤ «መጨረሻ የነካኸው ምንድን ነው?» ይሉታል። «ምንም አልነካሁም» የሚል ሰው ከመጣ ደግሞ ወንበር ስበው ይቀመጣሉ፤ ምክንያቱም ነገሩ ረጅም ነው። የማያውቁት ነገር ሲመጣ ጮክ ብለው «አላውቅም» ይላሉ፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ይህን ቃል አፉን ሞልቶ ሲናገር የሰማሁት አለቃ እሳቸው ብቻ ናቸው። ጠረጴዛው ላይ በሲባጎ የታሰረ ደብተር ነበራቸው። ሬዲዮ ያመጣ ሁሉ ሕመሙን ይጽፍበታል፤ የጠገነው ደግሞ ከሥሩ «ምን ሆኖ ተገኘ» ብሎ ይሞላል። ግምትህ ስህተት ከነበረ መሰረዝ የለም። «ተወው፤ ነገ ሌላውም እዚያው ነው የሚሳሳተው፤ ይየው» ይላሉ። እኔ በዚያ ዕድሜዬ ስህተቴ ተጽፎ እንዲቀመጥ አልፈልግም ነበርና ገጹን ለመቅደድ ስንት ጊዜ እጄን እንደበላኝ እግዜር ያውቃል።

እሳቸው ጡረታ በወጡ በጥቂት ዓመት ፕላዝማ መጣ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ጣሪያ ላይ ትልልቅ ዲሽ ተተከለ፤ ትምህርቱ በሳተላይት ይወርዳል፣ በሪሲቨር ይገባል፣ በየክፍሉ በተሰቀለ ሰፊ ቴሌቪዥን ይታያል። ዲሹን ማን ይጠብቀው ሲባል በየትምህርት ቤቱ ሥራ የቀለለው ሰው ተፈለገ፤ ስፖርት መምህር፣ የላቦራቶሪ ሠራተኛ፣ አንዳንድ ቦታ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ። ሥልጠናው ሁለት ቀን ነው፤ አንደኛው ቀን መክፈቻ ንግግር ነበር። ከዚያ በኋላ ስልኬ ዕረፍት አጣ። «ጋሼ፣ ፕላዝማው ጠፋ።» የት? ምን ይላል? ሲግናል አለ፣ ኳሊቲ የለም? ወይስ ሁለቱም የሉም? «ጠፋ ነው የምልዎት!» ዲሽ ማለት እኮ የጣት ስፋት ያህል ሲዞር ሰማዩን የሚስት ዕቃ ነው። ፊቱን ወዴት እንዳዞረ፣ አናቱ ላይ ያለው ሲግናል መቀበያ ኤልኤንቢው ስንት እንደዞረ፣ የኬብሉ ጫፍ ውኃ እንደገባበት ሳታውቅ በስልክ ምን ትላለህ? ያንኑ መልስ በቀን ሰባት ጊዜ እየደገምኩ ጨጓራዬ ሊላጥ ደረሰ።

ፎረሙ የተወለደው ከዚህ ምሬት ነው። ኮምፒውተር የሚያስተምር ጓደኛዬ በነፃ ሠራልኝ። እኔም እንደ መሥሪያ ቤት ልማዴ አሥራ አንድ ርዕስ ከፈትኩ፤ ለኬብል ለብቻው፣ ለሪሲቨር ለብቻው፣ ለአስተያየት ለብቻው። የእንኳን ደህና መጣችሁ ጽሑፍ ጻፍኩ፣ መመሪያ ጻፍኩ። ዘጠኝ ሰው ተመዘገበ። ሁለት ወር ሙሉ ከእኔ በቀር የጻፈ የለም። ኢንተርኔት ቤት እየሄድኩ በገንዘቤ ባዶ ገጽ እያየሁ ተመለስኩ።

ጋሽ ማንደፍሮን ቤታቸው ሄጄ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አሥራ አንዱንም ርዕስ አንድ በአንድ ከፈቱ፤ ባዶ፣ ባዶ፣ ባዶ። «አሥራ አንድ ክፍል ቤት ሠርተህ ዘጠኝ ሰው ጠራህ?» አሉኝ። «አንዱን ተውና ሌላውን ዝጋው። እዚያው ይተፋፈጉ።» ቀጠሉና የጠየቀ ሰው ሁሉ በዚያው ቀን መልስ ማግኘት አለበት፤ የምታውቀው ነገር ባይኖር «አላውቅም፣ ግን ይሄን ነገር አይተኸዋል?» በለው አሉኝ። ከዚያ ራሳቸው አባል ሆኑ። በአንድ ጣት እየለቀሙ ይጽፋሉ። መልስ አግኝቶ ዝም ያለውን ሰው ስልክ ደውለው ያሳድዱታል። «ዲሽህ ሠራ ወይ? እህ፣ ምን ሆኖ ተገኘ? ታዲያ ለምን አትጽፈውም? ለኔ አትንገረኝ፣ እዚያ ጻፈው!»

ገጹ ሕይወት የዘራው በዚህ ነው። ደግሞ አንድ ነገር ልናገር፤ ፎረሙን ያሟሟቁት ደመወዝ የሚከፈላቸው የትምህርት ቤት ሰዎች አይደሉም። ማንም ያላዘዛቸው ሰዎች ናቸው። ቦዲቲ አንድ ፀጉር አስተካካይ ነበር፤ እሑድ እሑድ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አዲስ ሳተላይት ሲያድን ይውላል። አረካ ውስጥ ደግሞ አንድ ልብስ ሰፊ፣ ኳሊቲው ሰባ ስምንት ሲደርስለት ፎቶ አንስቶ ይለጥፋል። ጉራ ነው፤ ግን ሰባ ስምንቱን ያየ ሌላው ሰው ወደ ጣሪያው ይወጣል። ሞባይል ኢንተርኔት ሲዳረስማ ሰው ከዲሹ ሥር ሆኖ መጠየቅ ጀመረ። ኢንተርኔቱ በተዘጋ ቁጥር ደግሞ እኔው ቤት ይመጡ ነበር።

ችግሩስ? «አይሠራም» ብሎ ጽፎ የሚጠፋው አለ። በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ አማርኛ አለ፤ አንዱን ለማንበብ ግማሽ ሰዓት ፈጅቶብኝ የበግ ማስታወቂያ ሆኖ ያገኘሁት አለ። «በውስጥ አናግረኝ» የሚለው ከሁሉ ይብሳል፤ መልሱን ደብቆ ለአንድ ሰው ይሰጣል፣ ሌላው መቶ ሰው ጥያቄውን ብቻ አይቶ ይቀራል። በዓል ሲመጣ ደግሞ «እንኳን አደረሳችሁ» የሚል አበባ ስለሚደረደር ሳምንት ሙሉ ዲሽ የሚባል ነገር አይታይም።

ይህ ሁሉ ከመሥሪያ ቤቴ አይበልጥም። ፎረሙ መታወቅ ሲጀምር የሂደት ባለቤት የሚባለው አለቃዬ ስብሰባ ጠራኝ። «በሩብ ዓመቱ ስንት ጥያቄ ለመመለስ ታቅዷል?» አለኝ። ጥያቄውን የሚጠይቁት ሰዎች ናቸው፣ እኔ እንዴት አቅዳለሁ ብዬ ብመልስለት «በዕቅድ የማይመራ ሥራ ሥራ አይደለም» አለኝ። በሌላ ጊዜ አባላቱን አንድ ለአምስት እንዳደራጃቸው ታዘዝኩ። ፀጉር አስተካካዩን የአምስት ሰው ጠርናፊ ላደርገው ነው! ዝርዝር ጽፌ ሰጠሁት፤ አሁንም ፋይል ውስጥ ይኖራል፤ ከተጠርናፊዎቹ አንዳቸውም አላወቁም።

ፀጉር አስተካካዩና ልብስ ሰፊው የተጣሉት በዚያ ሰሞን ነው። ጉዳዩ ኤልኤንቢ ስንት ይዙር የሚል ነው። አንዱ ሌላውን «አንተ መቀስህን ያዝ» አለው፤ ሌላውም «አንተ መርፌህን» አለው። ሦስት ቀን ተሞላለጩ። ልብ በሉ፣ በዚያ ሦስት ቀን ውስጥ ፎረሙ እስከዚያ ድረስ አይቶት የማያውቀው ብዛት ያለው ሰው ገባ፤ ሰው ጣሪያው ላይ ወጥቶ ሁለቱንም ዘዴ ሞክሮ ውጤቱን ይጽፍ ጀመር። እኔ ግን የታየኝ ስድቡ ብቻ ነው። አለቃዬ ቢያየውስ? ጋሽ ማንደፍሮ ላይ ቢደርስስ? ፈራሁና ደንብ አወጣሁ። ስድብ ክልክል ነው ብል በቂ ነበር። እኔ ግን ጨመርኩበት፤ «ታላቅን በአደባባይ ማረም ነውር ስለሆነ እርማት ያለው ሰው በውስጥ መስመር ይላከው።»

አባላቱ በሙሉ አጨበጨቡ። እኛ አገር ታላቅ ሰው ሲናገር ተሳስቷል ብሎ ሰው ፊት አፉን የሚከፍት የለም፤ ቤታችንም፣ ቤተ ክርስቲያናችንም፣ ዕድራችንም እንደዚያ ነው። ስለዚህ ደንቡ ለማንም አዲስ አልነበረም። ገጹ ፀጥ አለ። እኔም ሰላም ሰፈነ ብዬ ተደሰትኩ።

አበራሽ የምትባል የዲምቱ ሴት ብቻ ደንቡን የሰማች አትመስልም ነበር። ዲምቱ ላይ የዲሽና የሬዲዮ ጥገና ሱቅ አላት፤ ባሏ ሾፌር ነው፣ ጣሪያ የምትወጣው እሷ ናት። ስትጽፍ ሰላምታ የላትም። «ኬብሉ ነው። ቀይረው።» በቃ። ብዙ ሰው «ይቺ ልጅ አስተዳደግ የላትም» ብሎ በውስጥ ይከስሳታል። መልሷ ግን ይሠራል፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን።

አሁን ወደማልወደው ነገር ደረስኩ። አንድ ዓርብ ከሃላሌ ጥያቄ መጣ። የጠየቀው ዳና የሚባል የስፖርት መምህር ነው፤ የትምህርት ቤቱ ፕላዝማ በእሱ ላይ ተጥሏል። ኃይለኛ ዝናብ ከዘነበ በኋላ ምስሉ ሁሉ ጠፍቷል። ጋሽ ማንደፍሮ በሰዓት ውስጥ መለሱለት። ኬብሉ ጫፍ ላይ ውኃ ገብቷል፤ ሪሲቨሩ እንደበራ ኬብሉን ንቀለው፣ አድርቀው፣ መልሰህ እየሰካህ ኳሊቲውን ተመልከት አሉት። ለድሮው ሪሲቨር ትክክል ነው። የድሮው ውስጡ ፊውዝ አለው፤ ኬብሉ ሲነቀልና ሲሰካ ቢነካካ ፊውዙ ይሄዳል፣ ዕቃው ይተርፋል። ለትምህርት ቤቶቹ የታደለው አዲሱ ግን ያ ፊውዝ የለውም። በርቶ እያለ የኬብሉ መሐል ሽቦ ጎኑን ከነካ ያቃጥለዋል።

ከሃያ ደቂቃ በኋላ አበራሽ ጻፈች። «ይሄ ስህተት ነው። አዲሱን ያቃጥላል። መጀመሪያ አጥፋው፣ ከዚያ ንቀል።»

ልክ እንደሆነች አውቅ ነበር። ሳላውቅ ቀርቼ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን ስጽፍ ይቀለኝ ነበር። አዲሱን ሪሲቨር በእጄ ፈትቼ አይቼዋለሁ። ግን «ይሄ ስህተት ነው» የሚለው ቃል በጋሽ ማንደፍሮ ስም ሥር፣ ያ ሁሉ ሰው እያየው ተቀምጧል። ፊቴ ጋለ። አጠፋሁት። ለጋሽ ማንደፍሮ ደውዬ ረጋ ብዬ እነግራቸዋለሁ፣ እሳቸው ራሳቸው ያስተካክሉታል አልኩ።

ዓርብ ማታ እንዴት ብዬ እንደምጀምር ሳስብ መሸ። ቅዳሜ ለቅሶ ነበረብኝ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ እሳቸውን አግኝቼ እስከ ቤታቸው አብሬ ሄድኩ። ጎን ለጎን ነው የምንሄደው፤ ሰው የለም። ጭራሽ እሳቸው ጠየቁኝ፤ «የሃላሌው ልጅ ምን ሆኖ ተገኘ አለ?» «እስካሁን አልጻፈም» አልኳቸው። ስለ ዝናቡ አወራን። በራቸው ላይ ተሰናበትኳቸው።

ሰኞ ረፋድ ላይ ዳና ደወለ። «ሪሲቨሮቹ ሞቱብኝ» አለኝ። ማክሰኞ መሣሪያዬን ይዤ ሃላሌ ሄድኩ፤ መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ያለ አበል ነው የሄድኩት። ያላቸው ሦስት ሪሲቨር ሁሉ ተቃጥሎ ጠረጴዛ ላይ ተደርድሯል። ዳና የጋሽ ማንደፍሮን መልስ በእጁ ገልብጦ፣ በተራ ቁጥር ጽፎ ግድግዳው ላይ ለጥፎታል። «ጋሼ፣ እንደተጻፈው ነው ያደረግኩት» አለኝ። «አንዷ ስትሞት እኔ ተሳሳትኩ ብዬ በሁለተኛዋ ሞከርኩ። ሁለተኛዋ ስትሞት ደግሜ አነበብኩት። ስህተት ቢኖረው ኖሮ ያ ሁሉ ሰው አይቶ ዝም ይላል? ብዬ ሦስተኛዋን ሰካሁ።»

አጠገቡ ያለው ክፍል ውስጥ አሥረኛ ክፍሎች ጥቁሩን ቴሌቪዥን እያዩ ተቀምጠዋል። ትምህርት ቤቱ የፊዚክስ መምህር አልነበረውም፤ መምህራቸው ፕላዝማው ነበር። ርዕሰ መምህሩ ግዥው መቼ እንደሚያልቅ ጠየቀኝ። ግዥን የሚያውቅ ሰው አይጠይቅም። ዕቃው ፈተናው ካለፈ በኋላም አልደረሰም። እስከ ፈተናቸው ድረስ ፊዚክሱን ዳና ከመጽሐፍ እያነበበላቸው ቆየ፤ እሱም የማይገባውን። አፈርኩ። ዛሬም አፍራለሁ። እዚያ ክፍል ውስጥ ከነበሩት ልጆች ስንቱ በዚያ ፈተና እንደቀረ አልጠየቅኩም፤ የማልጠይቀው ስለምፈራ ነው።

ለጋሽ ማንደፍሮ ሁሉንም ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ልጅቷ የጻፈችው የት አለ?»

«አጠፋሁት።»

«ለምን?»

«ለእርስዎ ክብር ብዬ ነው።»

«የኔን ክብር ማን አደራ ሰጠህ?» አሉኝ። «እኔ እኮ አዲሱን ዕቃ ከፍቼ አላየሁትም። የማላውቀውን የምጽፈው የሚያርመኝ ሰው አለ ብዬ ነው። እሑድ ዕለት አጠገቤ እየሄድክ ስለ ዝናብ ታወራኛለህ?» መነጽራቸውን አውልቀው አስቀመጡት። «ከእንግዲህ እዚያ አልጽፍም። ምን እንደምታጠፋ አላውቅማ።»

አልጻፉም። አበራሽም አልጻፈችም። እነሱ ሲጠፉ «ምን ሆኖ ተገኘ» ብሎ የሚያሳድድም፣ «ስህተት ነው» የሚልም ጠፋ። ጥያቄ ይመጣል፤ «ጥሩ ጥያቄ ነው ወንድሜ» የሚል ይመጣል፤ «እናመሰግናለን» የሚል ይመጣል። መልስ የለም። ፀጉር አስተካካዩ ጣሪያው ላይ መውጣቱን የተወ አይመስለኝም፤ ለእኛ ግን መናገሩን ተወ። በዚያ ሩብ ዓመት ግምገማ ላይ አለቃዬ ተነሥቶ ፎረሙ ያለ ምንም ቅሬታና ጭቅጭቅ በመመራቱ ከመምሪያው አንደኛ ወጣ ብሎ አወጀ። ተጨበጨበልኝ። ቆሜ እጅ ነሳሁ።

ጡረታዬ አንድ ዓመት ሲቀረው ወደ ዲምቱ ሄድኩ። ፎረሙ በእጄ ሞቶ እንዳልወጣ ነበር ሐሳቤ፤ ከዚያም በላይ ጋሽ ማንደፍሮ ሳይመለሱ እንዳያልፉ ፈራሁ፤ አርጅተው ነበር። አበራሽን ከሱቋ ጀርባ ጣሪያ ላይ አገኘኋት። ሙቀቱ አይጣል ነው። ማን እንደሆንኩ ስነግራት እንኳን ደህና መጡ አላለችም። «ወደ ላይ ይምጡና ዲሹን ይያዙልኝ» አለችኝ። በዚህ ዕድሜዬ መሰላል ወጣሁ። ያዝኩላት። እሷ ብሎኑን እያጠበቀች «ኳሊቲ ስንት ይላል?» ትለኛለች፤ እኔ ሲግናል መለኪያውን ፋይንደር እያነበብኩ «ስድሳ ሁለት፣ ስድሳ አራት» እላለሁ። ሰባ ሲሞላ ቁልፏን ኪሷ ከተተችና ዞር ብላ አየችኝ።

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አልኳት።

«ጋሼ፣ እኔን ማጥፋትዎ አልከፋኝም» አለች። «የከፋኝ የሃላሌው ልጅ ነው። የጻፍኩት ሲጠፋ ሌላ ሰው መልሶለታል ብዬ ተውኩት። ስልኩን ባውቀው ኖሮ ደውዬ እጮህበት ነበር። ሦስቱ ሪሲቨር መቃጠላቸውን የሰማሁት ከሾፌር ነው።»

«ተመለሺልን።»

«እመለሳለሁ። የማጥፊያውን ቁልፍ ይስጡኝና።»

«አብረን እንይዘዋለን» አልኩ።

«አይሆንም። እርስዎ ሰው ማሳፈር ይፈራሉ። ሰው ማሳፈር የሚፈራ ሰው ማጥፊያ አይያዝም።»

ደሜ ፈላ። ያን ፎረም ከባዶ የሠራሁት እኔ ነኝ! በሠላሳ ዓመት አካባቢ የሥራ ዘመኔ እንዲህ ፊት ለፊት የተናገረኝ ሠራተኛ የለም። መሰላሉን ስወርድ እንኳ አልያዘችልኝም። ሱቋ ገብተን የተቀቀለ ቦዬ በዳጣ አቀረበችልኝ፤ የዳጣው ቃሪያ ዓይኔን አስነባኝ፤ እያለቀስኩ የይለፍ ቃሉን በወረቀት ጽፌ ሰጠኋት። እሷም እዚያው ፊቴ ላይ ለወጠችው።

የመጀመሪያ ሥራዋ ያቺን ደንቤን ማንሳት ነበር። ሁለተኛው፣ የማንም ስህተት እንዳለ ይቆይ፣ እርማቱ ከሥሩ ይጻፍ አለች። ይህንን ለጋሽ ማንደፍሮ ስነግራቸው መነጽራቸውን ፈለጉ። በአንድ ጣት እየለቀሙ በዚያ አሮጌ መልሳቸው ሥር ጻፉ፤ «ተሳስቻለሁ። አዲሱን ሪሲቨር ሳታጠፋ አትንቀል። ማንደፍሮ።» ከዚያ ወዲያ ጤናቸው እስከፈቀደ ድረስ ሲጽፉ፣ ሲታረሙም ኖሩ። በተለይ ፀጉር አስተካካዩ ሲያርማቸው ደስ ይላቸዋል፤ ደውለው «ይሄ የቦዲቲው ሰው እኮ አይምርም» ይሉኛል።

የቀረው የእኔ ነው። ይቅርታዬን ለአበራሽና ለጋሽ ማንደፍሮ ብነግርም ለሌላው ሰው አልተናገርኩም። ሁለት ቀን ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። የሠራሁትን፣ ለምን እንደሠራሁት፣ የሃላሌን ልጆች፣ ሁሉንም። ሦስት ገጽ ወጣው። ጠዋት ለጠፍኩት። እስከ ረፋዱ ከመቶ ሰው በላይ መለሰልኝ። «ጋሼ ትልቅ ሰው ነዎት።» «ይህን የሚያደርግ ጀግና ነው።» «ዕድሜ ይስጥዎ።» ቤቴ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ እያነበብኩ፣ ልዋሻችሁ አልችልም፣ ደስ አለኝ። ሻይ ልጠጣ ወጥቼ ስመለስ ጽሑፉ የለም። መቶ ምናምኑ ምስጋናም የለም። አንድ የአበራሽ መልእክት ብቻ ነበር።

«ጋሼ፣ ዳና ከጠዋት ጀምሮ ጥያቄ ጠይቆ የመለሰለት የለም። አዲስ ሪሲቨር ደርሶታል፤ ብቻውን እየገጠመ ነው። የእርስዎ ጽሑፍ ወደ ታች ገፍቶት ማንም አላየውም። አጥፍቼዋለሁ። ይመልሱለት።»

ከወንበሬ ተነሥቼ ቤቱን ዞርኩት። ሁለት ቀን የደከምኩበትን! ይቅርታ እንኳ አይፈቀድልኝም? ስበርድ ተመልሼ ጥያቄውን ፈለግኩት። እውነትም እዚያ አለ፤ «አራት ሪሲቨር መጥቷል። በአንድ ዲሽ ላገናኛቸው ነው። እንዳላቃጥል ፈራሁ። የቱን ልጀምር?» ይላል። ከሥሩ ማንም የለም።

ጻፍኩለት። መጀመሪያ ሁሉንም አጥፋ አልኩት። የዲሹን ኬብል አንዱን ለአራት የሚያካፍለው አከፋፋይ ላይ ስካ፤ ከዚያ ዋናውን ሪሲቨር ከአራቱ ቀዳዳ በፈለግከው አገናኝና አብራው፤ ሌሎቹን አስከትል አልኩት። ረጋ ብዬ፣ አሳምሬ ነው የጻፍኩት። ዳና ወዲያው «እሺ ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለ። አሥር ደቂቃ አልሞላም፣ ስሙን ሰምቼው የማላውቅ ሰው ከሥሬ ጻፈ።

«ጋሽ ማርቆስ የጻፉት ልክ አይደለም። ኤሌክትሪክ ወደ ዲሹ የሚያሳልፈው ቀይ ምልክት ያለበት ቀዳዳ ብቻ ነው። ዋናው ሪሲቨር እዚያ ካልገባ ምስል አይመጣም።»

ያ ሁሉ ሰው እያየው። ፊቴ ጋለ። ደግሜ አነበብኩት፤ ልክ ነው፣ ረስቼዋለሁ። እንዲያም ሆኖ እጄ ማጥፊያው ወደነበረበት ጥግ ሲሄድ ተመለከትኩት። ቦታው ባዶ ነው።

ዳና በሰውየው ቃል ቀዩ ላይ ሰካ። ከቀትር በኋላ «ሠራች፤ ልጆቹ ገብተው እያዩ ነው» ብሎ ጻፈ።